ለኩባ ከድምፅ ያለፈ እርዳታ፦ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ
የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢትዮጵያ በብሪክስ በኩል ለኩባ የመብራት ችግር የተግባር ሐሳብ እንድታቀርብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፈው የወደቁ ኩባውያንንም ያስባል። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች በኩባ የወጣቶች ደሴት በልተው፣ ለብሰው፣ ተምረው አድገዋል። ያ ሕዝብ ዛሬ ጨለማ ውስጥ ነው፤ አገራችንም ልትረዳው የምትችልበት መንገድ አለ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2024 በኩባ ማታንዛስ የሚገኘው የአንቶኒዮ ጊቴራስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ድንገት ሲቆም መላው ኩባ ጨለመ። ከዚያ ቀን እስከ ሴፕቴምበር 2025 ድረስ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወድቋል። ምክንያቱ የነዳጅ እጥረት ብቻ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ የሚሠራው ጊቴራስ 330 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ የአገሪቱ የምሽት ፍላጎት ደግሞ ከ3,000 ሜጋ ዋት ያልፋል። ማመንጫዎቹ የሚያነዱት የአገር ውስጥ ድፍድፍ ድኝ የበዛበት በመሆኑ የቦይለር (ውኃ የሚያፈላው ምድጃ) ቱቦዎችን ይበላል። ቱቦው ሲያፈስ ማመንጫው ይቆማል። ከመረቡ አንድ አሥረኛው በአንድ ጊዜ ሲወጣ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ከ60 ኸርዝ ይወርዳል፣ የቀሩት ማመንጫዎችም ራሳቸውን ለማዳን ተራ በተራ ከመረቡ ይወጣሉ።

መካከለኛ አቅም ያላቸው አገሮች እስካሁን በብዛት ያደረጉት ሁለት ነገር ነው፦ ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በየዓመቱ በተመድ ጠቅላላ ጉባኤ አሜሪካ በኩባ ላይ የጣለችውን ማዕቀብ በድምፅ መቃወምና አልፎ አልፎ ነዳጅ መላክ። ድምፁ ተገቢ ነው፤ ቱቦ ግን አይቀይርም። ኩባ በቀን 100 ሺህ በርሜል ያህል ስለምትፈልግ 300 ሺህ በርሜል የጫነ መርከብ የሦስት ቀን ፍጆታ ነው። በዚያው ገንዘብ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ መግዛት ይቻላል።

ስለዚህ ከጤና ጣቢያና ከውኃ ጉድጓድ ይጀመር እንላለን። ሁለት የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ መሣሪያ)፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የማዋለጃ ክፍል መብራትና ትንሽ ላቦራቶሪ በአማካይ 2 ኪሎ ዋት ቢወስዱ በቀን 48 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ለዚህ 15 ኪሎ ዋት የፀሐይ ፓነልና ቢያንስ 35 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪው እንዳይቀነስ አደራ! ኩባ በቻይና ድጋፍ ብዙ የሶላር ጣቢያ እየተከለች ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የምሽቱ ፍላጎት እዚያው ይጠብቃል። ከ40 ሜትር ጥልቀት ውኃ የሚስብ ፓምፕ በ5 ኪሎ ዋት ፓነል በቀን 90 ሜትር ኩብ ያህል ያወጣል፤ ለአንድ ሰው 50 ሊትር ብንል ለ1,800 ሰው ይበቃል።

ዕቃው ከየት ይገዛ የሚለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኩባ መረብ 60 ኸርዝ፣ የቤት መስመሩም በአብዛኛው 110 ቮልት ነው። ከሕንድ ወይም ከደቡብ አፍሪካ የሚነሣ፣ 50 ኸርዝ ብቻ የሚያውቅ ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መስመር ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) እዚያ ሲደርስ መጋዘን ያሞቃል። ብራዚልና ሜክሲኮ ግን እንደ ኩባ 60 ኸርዝ ይጠቀማሉ፤ ብራዚል ደግሞ የኩባን የማሪየል ወደብ በብድር ያሠራች፣ መንገዱን የምታውቅ አገር ናት። የፓነሉ መቆሚያ ጨዋማ አየር የማይበላው አሉሚኒየም፣ ብሎኑም የማይዝግ ብረት ይሁን። አውሎ ነፋስ ሲታወጅ ሁለት ሰው በመፍቻ አውርዶ ቤት የሚያስገባው ዓይነት ቢሆን እጅግ ይመረጣል።

ማዕቀቡ እርዳታን የሚያሰናክለው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከዋጋው ከ10 በመቶ በላይ የአሜሪካ ሥሪት ያለበት ዕቃ የአሜሪካ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ የአምራቹ የጽሑፍ ማረጋገጫ ከግዢው በፊት ይያዝ። ሁለተኛ፣ በእ.ኤ.አ. 1992ቱ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ለንግድ ኩባ የደረሰ መርከብ በመደበኛው ለ180 ቀናት አሜሪካ ወደብ ጭነት ማውረድም መጫንም አይችልም፤ ስለዚህ ወደዚያ የማይሄድ መርከብ ይመረጥና የብዙ አገሮች ዕቃ በአንድ ጉዞ ይጠቃለል። ሦስተኛው ክፍያ ነው። ኩባ በጃንዋሪ 2025 ከአሜሪካ የአሸባሪነት ደጋፊዎች መዝገብ ወጥታ በሳምንቱ ተመልሳ ስለገባች ባንኮች ስሟን ሲያዩ ይሸሻሉ። መፍትሔው ወደ ኩባ ገንዘብ አለመላክ ነው፦ አምራቹ በራሱ አገር ገንዘብ ይከፈለው፣ ዕቃው በፓን አሜሪካ ጤና ድርጅት ወይም በተመድ የልማት ፕሮግራም በኩል በዓይነት ይግባ።

የኩባ መንግሥትም ድርሻ አለበት። ማመንጫዎቹ እያረጁ ብዙ ሀብት ሆቴል ላይ ውሏል። ስለሆነም እያንዳንዱ ዕቃ በመለያ ቁጥሩ ለተወሰነ ጤና ጣቢያ ተመዝግቦ ይሰጥ፣ የኢንቨርተሩ መረጃም ለለጋሾች ክፍት ይሁን። ለእያንዳንዱ አሥር ጣቢያ አንድ መለዋወጫ ኢንቨርተር፣ ፊውዝና ኬብል አብሮ ካልሄደ በሁለተኛው ዓመት እርዳታው ብረት ሆኖ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት፤ ኩባም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አጋር አገር ሆናለች። የምንጠይቀው ከግምጃ ቤታችን ገንዘብ እንዲወጣ አይደለም። በሚቀጥለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ ኢትዮጵያ አንድ ገጽ ሐሳብ ታቅርብ፦ ብራዚል ዕቃውን ታዘጋጅ፣ ሌሎቹ አባላት ወጪውን ይካፈሉ፣ የመጀመሪያው ጭነት በአውሎ ነፋስ ሜሊሳ የተጎዱትን የምሥራቅ ኩባ መቶ ጤና ጣቢያዎች ይድረስ። የሚኒስቴሩን ምላሽ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በኃይል ምህንድስናና በጭነት ማጓጓዝ ሙያ የተሰማራን ኢትዮጵያውያን