ድኙ የት ገባ?

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ድኝ ሲቃጠል ስለሚወጣው ጋዝ፣ ስለ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስትማሪ ከጭሱ በፊት ስለ ነዳጁ ጠይቂ። ድኝ በእሳት አይጠፋም። ሲቃጠል ኦክስጅን ይጨመርበትና ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ 32 ኪሎ ድኝ 64 ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል። እንግዲህ 2 በመቶ ድኝ ያለበት 1 ቶን የድንጋይ ከሰል 20 ኪሎ ድኝ ይዟል፤ ሲነድ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ጋዝ ይወጣዋል። «የሚጠጋ» ያልኩሽ ጥቂቱ ከአመዱ ጋር ስለሚቀር ነው።

ጭስ ከዓይን ሲርቅ የተገላገልነው ይመስለናል። በካናዳ ሰድበሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ሥራ የጀመረው ጭስ ማውጫ 381 ሜትር ይረዝም ነበር። የከተማዋ አየር ተሻለ፤ የወጣው ጋዝ ግን ርቆ ሄዶ ወረደ።

ጋዙ አየር ላይ ሲቆይ፣ ይልቁንም በደመና ጠብታ ውስጥ፣ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ያልተበከለ ዝናብም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 5.6 አካባቢ ነው። ከ7 ማነሱ ብቻ ብክለት አይደለም። 4.6 ከሆነ ግን አሲድነቱ አሥር እጥፍ ጨምሯል። ሐይቅ ውስጥ ዓሣውን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ አሲዱ ከአፈር አሟሙቶ ያመጣው አሉሚኒየም ነው፤ ዓሣው የሚተነፍስበትን አካል ይጎዳበታል። አፈሩ የኖራ ድንጋይ ካለበት አሲዱን ያበርደዋል፤ ግራናይት ላይ የተኛ ሐይቅ ግን መከላከያ የለውም። ለዚህ ነው አንድ ዝናብ ከዘነበባቸው ሁለት ሐይቆች አንዱ ሞቶ ሌላው ደህና የሚሆነው። ተክል ላይ ምልክቱ ቅጠሉ ነው፦ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ መካከላቸው ይገረጣል።

ጋዙን የመያዣው ዋና ዘዴ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ጭሱ ላይ መርጨት ነው። ለ64 ኪሎ ጋዝ 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ይገባል፤ 172 ኪሎ ጀሶ ይወጣል። በደንብ የተያዘ መሣሪያ ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል። የብጥብጡ ፒኤች ከ5 እስከ 6 መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲያልፍ ድንጋዩ ሳይሟሟ ይባክናል። በጣም የሚያስቸግረው ግን የአየር ማነስ ነው። ብጥብጡ ውስጥ በቂ አየር ካልተነፋ ሰልፋይቱ (ጋዙና ድንጋዩ መጀመሪያ የሚፈጥሩት ውህድ) በከፊል ብቻ ሰልፌት (ጀሶ የሚሆነው ውህድ) ይሆንና መርጫውና ቧንቧው ላይ ይጋገራል፤ ከዚያ ወዲያ መሣሪያውን አቁሞ መፋቅ ነው።

ጋዙ ምን ያህል እንደተያዘ የሚገልጽ ሪፖርት ሲሰጡሽ መጀመሪያ የጀሶውን ሚዛን ተመልከቺ። ከላይ ካሰላነው 40 ኪሎ ጋዝ 90 በመቶው ከተያዘ፣ ከእያንዳንዱ ቶን ከሰል 97 ኪሎ ያህል ደረቅ ጀሶ መገኘት አለበት። የተመዘነው 50 ከሆነ የቀረውን ድኝ በአመዱና በቆሻሻ ውሃው ፈልጊ። እዚያ ካጣሽው በጭስ ማውጫው ወጥቷል፤ መለኪያው ምንም ቢል።

አባትሽ