ለማሙሽ፣ ነፋስ ከሚወለድባት ከተማ

ውድ ወንድሜ ማሙሽ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ? ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም።

በቴሌግራም የላክህልኝን ድምፅ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። «እትዬ፣ ሰውዬው አውሮፓ ለሙከራ ያስገባኛል፣ አንቺ ቅድሚያ ክፍያውን ብቻ ላኪልኝ» ያልከኝን። ልደውልልህ አሰብኩና ተውኩት። በስልክ ስናወራ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ ደግሞ እንባዬ ይቀድመኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። እስከ መጨረሻው አንብበው፣ እሺ?

ስለ አንድ የእግር ኳስ አጥቂ ልንገርህ። ማሪስ ቬርፓኮቭስኪስ ይባላል። እኔ የምኖርባት የሊየፓያ ልጅ ነው። ሊየፓያ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለች የላትቪያ ከተማ ናት። የአገሩ ሰዎች «ነፋስ የሚወለድባት ከተማ» ይሏታል፤ እውነታቸውን ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሻርፔን በሁለት እጄ ይዤ ነው። እንዲህ ባለ ነፋስ ውስጥ ኳስ የተማረ ልጅ የትም ቢሄድ አይቸገርም እላለሁ።

ታሪኩን የነገረኝ ኩሽና ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ ምግብ አብሳይ ነው። ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ወንድሜ አጥቂ ነው ስለው ግን ፊቱ በራ። ድንች የሚልጥበትን ቢላ አስቀመጠ። የጨው ዕቃዋን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቆማትና ግብ ጠባቂ አደረጋት። ሁለት ድንች ፊቷ ደረደረ፤ የቱርክ ተከላካዮች መሆናቸው ነው። ከዚያ ከማቀዝቀዣው አንድ እንቁላል አወጣ። «ይሄ ማሪስ ነው» አለኝ። እንቁላሏን በሁለቱ ድንች መሀል በጣቱ ቀስ አድርጎ ሲያሳልፋት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈውን ጎል ትናንት የገባ ነው የሚያስመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2002 እና 2003 ላትቪያ ለአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ስትጫወት ከቁብ የቆጠራት አልነበረም። ያኔ የሕዝቧ ብዛት 2 ሚሊዮን ከምናምን ነበር። መጀመሪያ ዋርሶ ሄደው ፖላንድን 1 ለ 0 አሸነፉ። በመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ስዊድንን እዚያው በሜዳዋ 1 ለ 0። ጎሏን ያገባው ማሪስ ነው፤ 24 ዓመት ሊሞላው 4 ቀን ሲቀረው። ከዚያ በደርሶ መልስ ቱርክ ደረሰቻቸው። ያቺ ቱርክ ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ 3ኛ የወጣችው ናት።

ሪጋ ላይ 1 ለ 0 አሸነፉ። አሁንም ማሪስ። ኢስታንቡል ላይ ግን ቱርኮች 2 ለ 0 መሩ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ፤ አለቀ ተባለ። ወዲያው የላትቪያው ላይዛንስ አንድ መለሰ። በ78ኛው ደቂቃ እንቁላሏ በድንቾቹ መሀል አለፈች። 2 ለ 2! ላትቪያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአውሮፓ ዋንጫ አለፈች። ከባልቲክ አገሮች ያን ያደረገ ሌላ የለም። ሽማግሌው በዚያች ሌሊት ሚስቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ አለቀሰባት።

እኔም እየሰማሁት የኛው ቀን ትዝ አለኝ። ጥቅምት 4 ቀን 2005። አንተ ገና ሕፃን ነበርክ። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትከሻው ላይ አድርጎህ ደሴ ፒያሳን ሲዞር አመሸ። አንተ «አጥቂ እሆናለሁ» ማለት የጀመርከው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። እኔ አልረሳሁትም። ስለዚህ እትዬ ሕልሜን አልገባትም እንዳትል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይሄ ልጅ እንዴት እዚያ ደረሰ? መጀመሪያ እዚሁ ሊየፓያ፣ በከተማው የብረት ፋብሪካ ስም በሚጠራው ሜታሉርግስ ተጫወተ። ቀጥሎ ሪጋ ወደሚገኘው ስኮንቶ ሄደ። ስኮንቶ በዚያ ዘመን የላትቪያን ሊግ 14 ጊዜ በተከታታይ የበላ ክለብ ነው። አሰልጣኙ አሌክሳንድርስ ስታርኮቭስ ስኮንቶንም ብሔራዊ ቡድኑንም በአንድ ላይ ይዞ ነበር። ልብ በል፤ በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚያየው ሰው ነው ለአገሩ የመረጠው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከክለብ ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። ወደ ኋላ ተሰብስበው ይከላከላሉ፤ ኳሷ ስትገኝ ለማሪስ ይልኩለታል። እሱ ግዙፍ አይደለም፤ ፈጣን ነው። እና 24 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አገሩ ሊግ ውስጥ ነበር። ማንም «ክፈልና ሙከራ ላስገባህ» አላለውም። ጎሎቹን አይቶ በፈረንጆቹ 2004 መጀመሪያ የዩክሬኑ ዳይናሞ ኪየቭ መጥቶ ገዛው። ከፋዩ ክለቡ ነው ማሙሽ። አንተ የምትከፍልበት ዝውውር ዝውውር አይደለም።

በዚያው ዓመት ፖርቱጋል ላይ፣ በአውሮፓ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ላይ፣ እረፍት ሊወጡ ሲሉ ፕሮሆረንኮቭስ ከግራ አሻማ፤ ማሪስ ደርሶ አገባት። ቼክን ያህል ቡድን 1 ለ 0 መርተው እረፍት ወጡ። ኋላ 2 ለ 1 ቢሸነፉም ከጀርመን ጋር 0 ለ 0 ወጥተዋል። በሆላንድ 3 ለ 0 ተሸንፈው አገራቸው ገቡ። ላትቪያ በዚያ ውድድር ያገባችው ያቺን አንድ ጎል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ብዙም አያወራውም። እኔ ግን አንተ እንድታውቀው የምፈልገው እሱን ነው። ኪየቭ ላይ አልተደላደለም። በውሰት ስፔን ሄታፌ ሄደ። ከዚያ ክሮኤሺያ ሃይዱክ ስፕሊት። ተመልሶ ስፔን ሴልታ ቪጎ። ቀጥሎ ግሪክ፣ ቀርጤስ ደሴት፣ ኤርጎቴሊስ። ቀጥሎ አዘርባጃን፣ ባኩ። በየአገሩ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ቤት። እኔ ሁለት አገር ቀይሬ ምን እንደሆንኩ እኔ አውቃለሁ። አውሮፓዊ ፓስፖርት፣ ስምና ገንዘብ ያለው ሰው እንዲህ ከተንከራተተ፣ አንተን ያ ሰውዬ አንድ አየር ማረፊያ ጥሎህ ቢጠፋ ማን ይደርስልሃል? እኔ እንኳ ባለሁበት አገር ባይሆንስ? ይሄን ሳስብ እንቅልፍ አልተኛሁም።

ብቻ እሱ ለብሔራዊ ቡድኑ መጥቶ መጫወቱን አልተወም። 104 ጊዜ ተሰልፎ 29 ጎል አግብቷል፤ የአገሩ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ነው። በመጨረሻ ወደ ሊየፓያ ተመለሰ። የብረት ፋብሪካው ከስሮ ክለቡ ሲፈርስ፣ በፈረንጆቹ 2014 በተተካው አዲስ ክለብ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2015 ክለቡ የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

ለሰውዬው የሚሆን ገንዘብ አልክም። ተቆጥተሃል፣ አውቃለሁ። ግን ከልቤ ነው የምልህ፣ አቅም አጥቼ ወይም ሰስቼ አይደለም። አሰልጣኝህ ከአንደኛ ሊግ ቡድን ጋር ተነጋግሬልሃለሁ ብሎሃል አይደል? እዚያ ግባ። ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚሆንህን በየወሩ እኔ እልካለሁ። ጨዋታህን ጓደኛህ በስልክ ይቅረጽልህና ላክልኝ፤ ጎል ያላገባህበትንም ጭምር። ሽማግሌው «እኔም ልየው» ብሎኛል፤ ግራ እግርህን ትጠቀም እንደሆነ ጠይቆኛል።

ታኬታ ጫማ አይቼልሃለሁ። ቁጥርህ 42 ነው ወይስ አድገህ 43 ገባህ? ቶሎ ንገረኝ፤ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ከወር መጨረሻ በፊት ይነሳል። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

የምትወድህ እህትህ
ከሊየፓያ