ይስጥልኝ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት ክረምቱ ሲገባ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ባለፈው እሑድ ከሜሪላንድ ስትደውዪ «አባዬ፣ የድሮ ግጥሞችህን ለምን በስልክ ቀድተህ አትልክልኝም?» ብለሽኝ «እሺ» አልኩሽ። ለማለፍ ያልኳት እሺ እንደሆነች ሳይገባሽ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ግን አንዷ አልለቅ ብላኛለች፤ የመጀመሪያዋ።

በ1962 ዓ.ም. ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ የ14 ዓመት የቆሎ ተማሪ። እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ጉባኤዎች ስማቸው ገንኖ ሳለ የእኛ ጉባኤ ከአገሩ ሰው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ለምድ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ ለውሻው ዱላ ይዤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እላለሁ። (ያለፈ ሁሉ ይናፍቃል ያለሽ ካለ አትመኚው። ቁንጫውም፣ ዝናብ የመታው ለምድ ሽታም አንድ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም።)

ከመንደሩ ጫፍ አንዲት ሴት ነበረች። ቁራሿን በሁለት እጇ ነው የምትሰጠው፤ ለለማኝ ሳይሆን ለእንግዳ እንደምታቀርብ። አንድ ቀን ደጇ ቆሜ ስጣራ ዘገየች። ስትወጣ ወጥ ያልነካው ግማሽ እንጀራ ይዛለች። ከኋላዋ ትንሽ ልጇ ቀሚሷን ጨብጦ እንጀራውን በዓይኑ ይከተላል። ነገሩ ገብቶኛል። ግን ርቦኝ ነበርና ተቀብዬ ሄድኩ።

ያን ቀን ሜዳው ላይ ለብቻዬ ተቀምጬ ቅኔ ስቆጥር፣ አዲስ ቅኔ ለመፍጠር ሳስብ ማለቴ ነው፣ የልጁ ዓይን እንጂ ሌላ ነገር አልመጣልህ አለኝ። ገና ጉባኤ ቃና ላይ ነኝ፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ የቅኔ መግቢያ በር። ከጎጆዋ ክዳን የሚወጣውን ጢስ ሰም፣ ምንም ያልተጣደበትን ምድጃ ወርቅ አድርጌ ሠራኋት። ማታ ለየኔታ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ይበል!» አሉ። ስንት ማታ «ይሄ አልሆነም» ተብዬ የተመለስኩ ልጅ! እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ጉዱ ምን መሰለሽ፣ አሁን ቃሏ ከአእምሮዬ የለም። አንድ ቃል እንኳ። ቅኔ ደግሞ አይደገም፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ይዞ መቆም ለባለቅኔ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም አልጻፋትም፣ እኔም አልጻፍኳትም። ሴትዮዋም አልሰማቻትም፤ ብትሰማስ ግእዝ ከየት አምጥታ? ከእኔ የሰማችው ደጇ ላይ ያልኳትን «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። እሷም «አብሮ ይስጠን» ብላ ገባች።

ይህችን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስላት ኖሬ ዘንድሮ ነው ልብ ያልኳት። «ይስጥልኝ» ማለት እኮ «እኔ የምከፍለው የለኝም፣ በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥ» ነው። «አመሰግናለሁ» ለሱቅ ትሆናለች፤ መልስሽን ቆጥረሽ ትወጪያለሽ፣ አለቀ። ይስጥልኝ ግን አያልቅም። «አብሮ ይስጠን» ስትልማ ጭራሽ አበዳሪነቱንም እምቢ አለች፤ ባዶ ምድጃ ይዛ ከእኔ ጎን ተሰለፈች። እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት መጽሐፍ ሙሉ ግጥም ጽፌ ይህን የሚያህል መስመር አላገኘሁም።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጓሮ ያለው ክፍል ተከራይቷል፤ 20 ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ነው፣ ክራር ይለማመዳል። ከባቲው፣ ከአምባሰሉ፣ ከአንቺሆዬው ቅኝት ሁሉ ትዝታን መርጦ ማታ ማታ እሷን ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜው ምን አምልጦት እንደሆነ እንጃ! መሀል ላይ አንዷ ጅማት ትረግብበታለች፤ ያቆምና ያጠብቃል፣ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ትረግባለች። እናትሽ «በቃ ንገረው፣ ይተኛ» ትላለች። እኔ ግን ጅማቷ እስክትስተካከል ሳልተኛ እጠብቃለሁ።

ስትደውዪ በስልክ እንዴት እንደሚቀዳ አስረጂኝ። እሱን ልቅዳልሽ፤ የምትረግበዋን ጅማት ጨምሬ።

አባትሽ