ሳንጠይቅ ስልካችን ላይ ስለሚጫነው ዘፈን፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በጓዳ ማመልከት እንደማይፈይድ ስላየሁ ነው። ጉዳዩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ሰው ሲደውል፣ ስልኩ እስኪነሣለት ድረስ ጆሮው ላይ የሚለቀቅበት ዘፈን ነው። እኔ ግን በዚህ ዘፈን የተነሣ ያሳደገኝን አጎቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ። “ይሄ ደግሞ ምን ያስቆጣል?” የሚል ካለ መጀመሪያ አንብቦ ይጨርስ።

የጥሪ ማሳመሪያ እንዴት እንደሚሠራ እርስዎ ያውቁታል። ለሌላው አንባቢ ግን ልንገረው። ለአንድ ሰው ሲደወል፣ በተለመደው የጥሪ ድምፅ ፈንታ ዘፈን ይገባል። ዘፈኑን የሚሰማው ደዋዩ ብቻ ነው። ባለስልኩ ጋ እንደ ወትሮው ስልኩ ይጮኻል እንጂ ዘፈኑ አይሰማም። ገንዘቡ የሚቆረጠው ግን ከባለስልኩ ካርድ ነው። የሚከፍለው አይሰማም፤ የሚሰማው አልመረጠም። ስለዚህ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ዘፈን እንደተጫነበት ሳያውቅ ረጅም ጊዜ ሊከፍል ይችላል። የሚያውቀው የደወለለት ሰው ከነገረው ብቻ ነው።

ለእኔም የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። “ስልክህ ላይ ያደረግከው ዘፈን አይከብድም እንዴ?” አለችኝ። ምን ዘፈን? ከእሷ ስልክ ወደ ራሴ ደወልኩና ሰማሁት። ፈጣን የጭፈራ ዘፈን ነው። ዘፋኙን አላውቀውም፣ ዘፈኑንም ሰምቼው አላውቅም። ወደ መልእክት ሳጥኔ ገባሁ። ከዕጣው፣ ከጥያቄና መልሱ፣ ከጤና ምክሩ ክምር ሥር ከአጭር ቁጥር የመጣ ቴክስት አገኘሁ። ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን ይላል። አልተመዘገብኩም። አንድም ቁልፍ አልተጫንኩም፣ አንድም መልእክት አልላኩም።

መጀመሪያ ወደ አገልግሎት ሰጪው ሂድ ይባላል፤ ሄድኩ። የጥሪ ማዕከሉ ጋ ደወልኩ። እዚያም ሰው እስኪያነሣልኝ ሙዚቃና ማስታወቂያ ሲፈራረቁብኝ ቆየሁ። ያነሣችው ሠራተኛ ትሑት ነበረች፤ በእሷ አልፈርድም። “ደንበኛችን፣ ሲስተሙ የሚያሳየው እርስዎ እንደጠየቁ ነው” አለችኝ። መቼ ጠየቅኩ? በስንት ሰዓት? በምን መንገድ? “እሱን እኛ አናይም።” ማን ነው የሚያየው? “ቅሬታዎን መዝግቤያለሁ።” በአካልም ሄድኩ። ተራ ይዤ ጠብቄ፣ የማቆሚያ ቃሉን ወደ አጭር ቁጥሩ ላክ ተባልኩ። ላክሁ። ከአገልግሎቱ ወጥተዋል የሚል መልስ መጣ። ዘፈኑ ለጥቂት ቀናት ጠፋ፣ ከዚያ ሌላ ዘፈን ተተካ። በመጨረሻ ማመልከቻ ጻፍኩ። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማኅተም አሳርፎበታል፤ ቅጂው እጄ ላይ ነው። መልስ የለም። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ።

የድርጅቱን ስም እዚህ አላነሣም። ጠቤ ከአንድ ድርጅት ጋር ሳይሆን ከአሠራሩ ጋር ነው፤ አሠራሩን ማስተካከል ደግሞ የእርስዎ ሥራ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ተኝቶ ሳለ አጎቴ መንዝ ውስጥ በሌሊት አረፈ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያስተማረኝ፣ ጫማ የገዛልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እስከ መናኸሪያ የሸኘኝ እሱ ነው። እናቴ የእሱ ታላቅ እህት ናት። ማንበብ አትችልም። ስልኳ ቁልፍ ያለው ትንሽ ቀፎ ነው። 2 ቁጥርን አጥብቃ ስትይዝ እኔ ጋ እንዲደውል አድርጌላታለሁ። ጆሮዋ ስለደከመ ሁልጊዜ የምታወራው ላውድ ላይ አድርጋ ነው።

ወደ ዐሥር ሰዓት ሌሊት ገደማ 2ን ተጫነች። ቤቱ በጎረቤትና በዘመድ ሞልቷል፤ ሬሳው ገና አልተገነዘም። ከስልኩ ውስጥ ጭፈራ ፈነዳ።

የስልክ መስመር የተሠራው ለንግግር መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በተለመደው የስልክ ጥሪ የሚያልፈው ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለው ነው። ለሰው ንግግር ይበቃል፣ ለሙዚቃ አይበቃም። ወፍራሙ የከበሮ ምት ይቀራል፣ ቀጭኑም ይቆረጣል፣ የተረፈው ተጨፍልቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። በትንሽ ቀፎ፣ ላውድ ላይ፣ ለደከመ ጆሮ ያ ዘፈን እንኳ አይደለም፤ ጫጫታ ነው። እናቴ የተሳሳተ ቁልፍ የነካች መሰላት። ደንግጣ ዘጋችው። እንደገና 2ን ያዘች። ያው ጭፈራ። እንደገና ዘጋች። የሚያለቅሱት ሴቶች ዝም አሉ፤ ሁሉም እሷን ያያል። “የሚጨፈርበት ቤት የደወልኩ መሰለኝ” አለችኝ በኋላ። “በወንድሜ ሬሳ ላይ አስጨፈርኩበት” ስትልም ሰምቻታለሁ። ይህን የምትለው እስከ ዛሬ ነው።

እኔ ተኝቻለሁ። ዘፈኑን በሰማች ቁጥር ቶሎ ስለምትዘጋው ስልኬ አንዴ ጢን ብሎ ያቆማል። የተለመደውን የጥሪ ድምፅ ብትሰማ ኖሮ እስካነሣ ትጠብቅ ነበር። የእሷ ዕድሜ ሰዎች ስልክን የለመዱት በድምፁ ነው። ያ ድምፅ ካለ ስልኩ እየጠራ ነው፤ ትንሽ ይጠበቃል። ዘፈን ከመጣ ግን ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነቅቼ ያልተነሡትን ጥሪዎች አየሁና መልሼ ደወልኩ። ጎረቤታችን አነሡት። “አጎትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ድረስ” አሉኝ። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ላምበረት ስደርስ በቀጥታ ወደ መንዝ የሚሄደው አውቶብስ ከወጣ ቆይቷል። በደብረ ብርሃን በኩል፣ መኪና እየቀያየርኩ፣ ሲመሽ ደረስኩ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ተፈጽሟል። ገጠር ውስጥ ሬሳ ማቆያ የለም፤ ዘመድ እስኪመጣ ሬሳ አያድርም። ወንድ ልጅ ያልነበረው ሰው ያሳደገው ልጅ ሳያለቅሰው፣ አፈር ሳያለብሰው ተቀበረ።

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ይህን ማን ይመልስልኛል? ከካርዴ የተቆረጠችውን ሳንቲም አይደለም የምጠይቅዎት።

ሕጉን ላስታውስዎ አልፈልግም፣ ያውቁታል። ሆኖም የማታውቁት እስኪመስል ዝም ብላችኋልና ልጥቀሰው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ቴክስት ልኮልኝ ዝም ብል፣ ዝም ማለቴ ውል አይሆንም። የ2006ቱ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ መርጦ የመግዛትና ስለሚገዛው ነገር በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የእናንተን መሥሪያ ቤት ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተጠቃሚውን ጥቅም እንድትጠብቁ ኃላፊነት ሰጥቷችኋል። ስለ ቴሌኮም ሸማቾች መብት መመሪያ ያወጣችሁትም ራሳችሁ ናችሁ። ባለሱቅ ያልጠየቅኩትን ስኳር ከዘንቢሌ ጨምሮ ሒሳብ ቢጠይቀኝ፣ መንደሩ ሁሉ ይፈርድልኛል። እዚህ ግን ያልጠየቅኩ መሆኔን የማስረዳው እኔ ነኝ። ያልሆነ ነገር እንዳልሆነ በምን ይረጋገጣል? ጠይቋል የሚለው ድርጅት ነው ማስረጃውን ማምጣት ያለበት።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ይህን ታሪክ ላወራሁት ሰው ሁሉ የራሱ አለው። በሰሙነ ሕማማት ለንስሐ አባቷ ደውላ የፍቅር ዘፈን የሰማች ሴት አውቃለሁ። ቄሱ ስልካቸው ላይ ምን እንዳለ አያውቁም ነበር፤ ሲነገራቸው ያፈሩት ማፈር ልብ ይሰብራል። በረመዳን የጭፈራ ዘፈን ያሰማ የሼህ ስልክም አለ። መዝሙር ወይም መንዙማ ወይም የሚወደውን ዘፈን ራሱ መርጦ፣ ዋጋውን አውቆ ያስጫነ ሰው መብቱ ነው፣ አልነካውም። ዘፋኞቻችንም ከዚህ የሚያገኙት ካለ ደስ ይለኛል። እኔ የምናገረው ሳይመርጥ ስለተጫነበት ሰው ነው። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ኮሪያ ለገበያ ሲቀርብ ሰዎች ፈልገው፣ መርጠው የሚገዙት ነገር ነበር። መርጦ መግዛቱን ማን ነው እኛ ጋ ሲመጣ ያስቀረው?

አንድ ነገር ልጨምር። ቢሮዎች ደንበኛን መስመር ላይ ሲያስጠብቁ የሚለቁት ሙዚቃም ከዚህ አይለይም። እንዲያውም እዚያ ጥሪው ተነሥቷል ተብሎ ሒሳቡ መቁጠር ይጀምራል። ነፃ ያልሆነ ቁጥር ከሆነ ደዋዩ ሙዚቃውንና ማስታወቂያውን እየከፈለ ነው የሚሰማው። ከጅዳ ወይም ከኩዌት፣ አሠሪዋ ሳታይ በተሰረቀች ደቂቃ አገር ቤት ቢሮ የምትደውል እህታችን ያቺን ደቂቃ ሙዚቃ ትበላባታለች። ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለች፣ ምን ያህል እንደምትጠብቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገራት ምን ይጎድላል?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የህንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ይህ ችግር ሲበዛበት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ግልጽ ትእዛዝ አወጣ። እንዲህ ያለ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ደንበኛው ከመጀመሪያው እሺታ በኋላ ዋጋውን አይቶ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲሰጥ አስገደደ። ለማቆምም በሁሉም ድርጅቶች የሚሠራ አንድ የጋራ አጭር ቁጥር እንዲኖር አደረገ። ህንድ ስንት መቶ ሚሊዮን ደንበኛ እያላት ያደረገችውን እኛ የማናደርግበት ምክንያት ካለ ይንገሩን።

እኔ የምጠይቅዎት ይህን ነው። ማንም ሰው ስልኩ ላይ ዘፈን የሚጫነው ራሱ ሁለት ጊዜ እሺ ካለ ብቻ ይሁን። የሚላክለት ጥያቄም በሚገባው ቋንቋ ይሁን። ማንበብ ለማይችሉት እንደ እናቴ ላሉ ሰዎች በድምፅ ይነገር። እሺታው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ድርጅቱ መዝግቦ ይያዝ፤ ደንበኛው ሲጠይቅ ያሳይ። እስከ አሁን ዘፈን የተጫነባቸው ሰዎች ሁሉ እንደገና ይጠየቁ፤ እሺ ያላለ ሰው መስመር ወደ ተለመደው የጥሪ ድምፅ ይመለስ። ማስረጃ ያልተገኘለት ሒሳብ ደግሞ ለባለቤቱ ይመለስ።

የማመልከቻዬን ቅጂ ከነማኅተሙ፣ የቴክስቶቹን ፎቶ፣ የዚያን ሌሊት ያልተነሡ ጥሪዎች ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቻለሁ። መልሱን በጽሑፍ፣ ከቀንና ከፊርማ ጋር እፈልጋለሁ። ሲደርሰኝም ይህን ደብዳቤ ባወጣሁበት ቦታ፣ ምንም ሳልቀንስ አወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስልክ ደንበኛ
አዲስ አበባ