ቅዳሜ በ8 ሰዓት

ፈንዲሻዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውዪ ያላነሳሁት፣ ስትጽፊ ያልመለስኩት እኔ ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። በዝቶብኝም ነበር፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። እነግርሻለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ። እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? የልጅሽን ፎቶ አይቻለሁ። ግንባሩ ቁርጥ ያንቺ ነው። ሲኮሳተርማ አንቺኑ ነው፤ ትኬት አልቋል ሲሉሽ የምትሆኚውን።

ፊልሙ አለቀ። አልቆም ተመረቀ። አሁን ሲኒማ ቤት እየታየ ነው! አራተኛ ሳምንቱን ይዟል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በጠዋት ሄጄ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ገና አልተከፈተም። ፖስተሩ ከመስታወቱ ጀርባ ተለጥፏል። ከላዩ «አሁን በመታየት ላይ» ይላል። ያቺ ጽሑፍ! ስንት ዓመት በሰው ፊልም ላይ አነበብናት። አንድ ሊስትሮ ልጅ ሳጥኑን አስቀምጦ ፖስተሩን ቀና ብሎ ያያል። «ምን ይመስልሃል?» አልኩት። «ኮሜዲ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ሴትዮዋ ግን እናቴን ትመስላለች» ብሎኝ ሳጥኑን አንስቶ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ሰልፍ ናፈቀኝ፣ ታምኚኛለሽ? ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወጥተን አምፒር ደግሞ ምን ያሳያል ብለን የምንሮጠው። አምባሳደር በር ላይ ጫማሽ የተበጠሰበት ቀን። ጤዛን ልናይ የተሰለፍንበት ቀን ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ኃይሌ ገሪማ ቬኒስ ድረስ ወስዶት በፈረንጆቹ 2008 የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ያገኘበት ፊልም ነበርና አዛውንቱም ተማሪውም አንድ ሰልፍ ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከኛ ረድፍ አንድ ሰው አልተነሳም። አንቺ ፈንዲሻሽን ሳትነኪው፣ እንደሞላ ይዘሽው ወጣሽ። እኔ ፊልም እሠራለሁ ብዬ የወሰንኩት ያቺን ያልተነካች ፈንዲሻ አይቼ ነው። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

አሁን እንደዚያ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ 23 ሰው ገባ። ቆጠርኳቸው። ስድስቱ የተዋናዮቹ ዘመዶች ናቸው። የማገኘው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ዩቲዩብ ላይ መቼ ትለቂዋለሽ?» የአክስቴ ልጅ ሳትቀር። በፍቅር ነው የምትጠይቀኝ፣ ልታየው ፈልጋ ነው። አልፈርድባትም። የታክሲው፣ የትኬቱ፣ መውጫ ላይ የምትጠጣው ማኪያቶ፣ ይህን ለባልና ሚስት ስትደምሪው የቤት አስቤዛ ይነካል። በዚያ ላይ ሰዉ ቤቱ ማየት ለምዷል። በ2008 ቃና መጥቶ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሳሎናችን ድረስ አስገባው። በመጋቢት 2012 ደግሞ ኮሮና ሲኒማ ቤቶቹን አዘጋቸው። ሲከፈቱ የቀድሞው ሰው ሁሉ አልተመለሰም።

ግን እኮ ሳሎን ሌላ ነው። ስልክ ይጮሃል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ አንዱ ተነስቶ ሽሮው እንዳይገነፍል ሊያይ ይሄዳል። ጨለማ ውስጥ ከማታውቂው ሰው ጋር እኩል ስትስቂ፣ እኩል ዝም ስትዪ፣ ያ ነገር ቤት ውስጥ አይገኝም። አያቶቻችን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለው ስም አውጥተውለታል። ቢፈሩትም ሰው ይገባ ነበር። እኔ አሁን የፈራሁት ሰው ማጣትን ነው።

ቅናት እንዳይመስልሽ። ከኛ ጎን የሚታየውን ፊልም ትኬት ቆርጬ አየሁት። የፍቅር ኮሜዲ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ከልቤ ሳቅኩ። ሰው ሞልቶለታል፣ ይሙላለት። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የኛን የ10 ሰዓት ቦታ ለሌላ ፊልም ሰጥተው እኛን ወደ 8 ሰዓት አዛወሩን። ሳይነግሩኝ። ያወቅኩት ባልና ሚስት በ10 ሰዓት መጥተው ከበር ሲመለሱ አይቼ ነው። ሴትየዋ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጫማዋን ቀይራ ነበር የመጣችው። ቢሮ ገብቼ ጮህኩ። አለቀስኩም። ኃላፊው ተረጋግቶ አስረዳኝ። ከትኬቱ ግማሹ የነሱ ነው፤ በ23 ሰው ግማሽ የመብራቱን እንኳን አይሸፍንም፤ የፊታችን ቅዳሜ መቶ ሰው ካልገባ ፊልሙ ይወርዳል። ልክ ነው፣ እሱም ሠራተኛ ያስተዳድራል። ግን እቁቤን የበላ፣ የወንድሜን መኪና ያሸጠ ፊልም እኮ ነው። ይወርዳል ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ።

እና ወንበር ሙዪልኝ ልልሽ ነው የጻፍኩት? እሱም አለበት፣ አልክድሽም። ግን ሌላ ነገር አለ። እዚህ ጋ ስደርስ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

ያን ሌሊት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን የነገርሽኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር። የእማማና የስኒው ነገር። «ለማንም ነግሬ አላውቅም» ብለሽኝ ነበር።

ፊልሙ ውስጥ አለ።

እንዳለ ነው ያለው። ሴትዮዋ ቡና ታፈላለች። አቦሉን ስትቀዳ አራት ስኒ ትሞላለች፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። አራተኛውን ከረከቦቱ ጥግ ታኖረዋለች። ማንም ምንም አይልም። ቶናው ይቀዳል፣ በረካው ይቀዳል፣ ያ ስኒ አይነካም። ጎረቤቶቹ መርቀው ሲወጡ በሁለት እጇ ታነሳውና ቀዝቃዛውን ቡና እስከ አተላው ትጠጣዋለች። ከዚያ አጥባ ትደፋዋለች። ሊቢያ የሚል ቃል የለም። ወንድም የሚልም የለም። የሱን ስም አልጠራሁም። አንቺ ግን ገና ስኒው ሲቀመጥ ታውቂዋለሽ።

ስጽፈው የሌላ እናት ላደርጋት ሞክሬ ነበር። በስኒው ፈንታ ጋቢ አደረግኩ፣ ጫማ አደረግኩ፣ የተከደነ ምሳ አደረግኩ። ሁሉም ውሸት ሆነብኝ። የቀረጻው ቀን ጠዋት ልደውልልሽ ስልኩን ያዝኩ። እምቢ ብትለኝስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ስልኬ ላይ ሲመጣ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። የጠፋሁብሽ በዚህ ነው።

የሕግ ሰው ጠይቄ ነበር። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ያ ቁጥር 410/1996 የሚሉት፣ ሀሳብን ብቻውን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈውን፣ የተቀረጸውን ነው አለኝ። ምንም አትሆኚም ብሎ አረጋጋኝ። ከቢሮው ስወጣ ግን ከመግባቴ በፊት ከነበረው ይልቅ ከበደኝ። መጠየቅ የነበረብኝ አንቺን ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ልክ ነበርኩ ለማለት አይደለም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያ ትዕይንት ሲደርስ ስክሪኑን ትቼ ሰዉን ነበር የማየው። ከኋላ ሲያወሩ የነበሩ ጎረምሶች ጸጥ አሉ። ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት፣ ብቻቸውን የመጡ፣ ከፊታቸው ያለውን ወንበር ጨብጠው ያዙ። ፊልሙ አልቆ መብራት በርቶም አልተነሱም። ትኬት ቆራጯ ልጅ መጥታ ደገፍ አደረገቻቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ «የኔው ደግሞ በየመን በኩል ነው የሄደው» ሲሉ ሰማሁ። ለሷ ነው የነገሯት። እኔን ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ወደ ቤት ስሄድ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ።

ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ምሳሽን በልተሽ ብትነሺ እንኳን ትደርሻለሽ። ቅዳሜ በ8 ሰዓት። አዳራሹን ታውቂዋለሽ፣ ያን የዝናብ ቀን የተጠለልንበት ነው። እማማን አሁን አታምጪያቸው ልልሽ ነበር። ግን እሱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ከዚህ በኋላ ስለሳቸው እኔ ልወስን አይገባኝም። መሀል ረድፍ ላይ፣ በስተቀኝ በኩል ወንበር እይዛለሁ። ፈንዲሻው በኔ ነው።

ይውጣ ካልሽ ይወጣል። ጠቅላላው 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ኤዲት ያደረገውን ልጅ አናግሬዋለሁ፣ አንድ ሌሊት ይበቃናል ብሏል። ፊልሙ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ግድ የለም። አዲሱን ሃርድ ዲስክ አርብ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ማታ ደውዪልኝ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። አነሳዋለሁ።

ያንቺው