መሃሉ ባዶ የሆነውን ፋይበር ለምታዝዙ ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን አያት ወዳለው ቢሯችን የሚደውል ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ያው ቴሌ የሚዘረጋው ፋይበር አይደል እንዴ? ምነው ዋጋው ሰማይ ነካ?»

አይደለም። የእኛው በላብራቶሪ ፈሳሽ ናሙና ውስጥ የሚፈለገውን ሞለኪውል በብርሃን ለመለካት የሚያገለግል ነው። የቴሌው መሃሉም ድፍን መስታወት ነው። የእኛው ግን መሃሉ ክፍት ነው። ብርሃኑ እንዳያመልጥ የሚይዙት ዙሪያውን የተደረደሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች ናቸው። እንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ፋይበር ሠርተው ያሳዩት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ መስታወቱን እንደ ክር ማቅጠን ከባድ ሥራ ነው። ዋጋውም ከዚያ ይመጣል።

ትርፉ ናሙና መቆጠቡ ነው። የመሃሉ ስፋት 10 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ 10 ሴንቲሜትር ቁራጭ መሃሉ ላይ የሚይዘው 8 ናኖሊትር (ናኖሊትር የሊትር ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ብቻ ነው። ጫፉን ጠብታ ውስጥ ስትነክሩት ፈሳሹን ራሱ ይስባል። ሌዘሩ ናሙናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያገኘዋል። በምትፈልጉት ሞለኪውል ላይ የተለጠፈው ቀለም ሲያበራም ከብርሃኑ የተወሰነው በዚያው መስመር ወደ መለኪያው ይመጣል።

ፋይበሩ ግን አንዱን ፕሮቲን ከሌላው አይለይም። የሚለየው እናንተ የምታዘጋጁት፣ የሚፈለገውን ሞለኪውል ብቻ መርጦ የሚይዝ አንቲቦዲ ወይም የዲኤንኤ ፕሮብ ነው። እሱ ካልሠራ የእኛ ዕቃ ምንም አይፈይድላችሁም። ለምርምር እንጂ ለሕመምተኛ ምርመራ እንደማንሸጠውም ይታወቅልን።

ስታዝዙ የቀለሙን ስምና የፈሳሹን ዓይነት አደራ ጻፉልን። ይህ ፋይበር የሚያሳልፈው የተወሰነ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም የተወሰነ የብርሃን ቀለም ብቻ ነው። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ አየር ላለበት ፋይበር ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ውሃ ሲሞሉ የሚያልፈው ብርሃን ወደ አጭር ሞገድ ይሸሻል። ለምሳሌ ፍሎረሲን የተባለው ቀለም 490 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ተቀብሎ 515 አካባቢ ያበራል። ሁለቱም ካላለፉ ገንዘባችሁን በላነው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ እኛም አንወድም።

ጫፉን ክፍት አትተዉት። ስለ አቧራ ግንባታ ለማያልቅበት ሰፈር ሰው መንገር አይጠበቅብንም። ባፈሩን (ናሙናው ያለበትን ጨዋማ ፈሳሽ) አጣሩት። ውስጡ ከደረቀ ጨው ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ በማጠብ ከመድከም አዲስ ቁራጭ መጠቀም ይሻላል። ስብርባሪው ቆዳ ውስጥ ስለሚሰካ በቴፕ ልቀሙት።

ደግሞ የቴሌ ፋይበር የሚቀጥል ወዳጅ አለን ብላችሁ እንዳትወስዱለት። ለተራ ፋይበር የተስተካከለው የመቀጠያ ማሽኑ ሙቀት ቀዳዳዎቹን ያቀልጣቸዋል። የምትፈልጉትን ርዝመት ንገሩን፤ እዚሁ ቆርጠን እንልካለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የሽያጭና ጥገና ክፍል