ለዳንቴል ንድፍ ጥለቱንና መሶቡን እንቁጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የካ አባዶም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ከሰዓት በኋላ በኮንዶሚኒየሞቹ ግቢ ያለፈ ሰው ሕንፃው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ዳንቴል የሚሠሩ እናቶችንና ወጣት ሴቶችን ሳያይ አያልፍም። ሙያው አላቸው፣ እጃቸውም ፈጣን ነው። የበዓል ባዛር ሲደርስ ግን የሶፋው ልብስ፣ የቴሌቪዥኑ ሽፋን፣ የሕፃናቱ ኮፍያ ሁሉ ከአንድ እጅ የወጣ ይመስላል። "ምን ልሥራ?" ያለች ሁሉ የምታየው ያንኑ የስልክ ፎቶ ነዋ! ፎቶው ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚህ ገበያ ላይ በማይገኝ ክር የተሠራ ስለሆነ፣ በእኛ ክር ሲሞከር ወይ ይጠባል ወይ ይላላል።

ጥሩ ንድፍ ግን በየቤቱ ሞልቷል፤ በነጠላው ጥለት፣ በመሶቡ ክዳን፣ በመስቀሉ ቅርጽ ላይ። የጎደለው እሱን ቆጥሮ ወደ ኪሮሽ (ዳንቴል ወደምንሠራበት ባለ ቆልማማ ጫፍ መርፌ) የማምጣት ልማድ ነው።

ከጥለት መጀመር ይቀላል። ሸማኔው ጥለቱን የሚያወጣው ድሩን እየቆጠረ ስለሆነ ቅርጹ ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ነው፤ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ያለ ችግር ይሰፍራል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሱቅ ለሱቅ ማየት ይቻላል። አዲስ ጥለት ያወጣ ሸማኔ ግን ሥራው ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል፤ እንጀራው ነው። የቆዩ ልብሶችንና ስፌቶችን ረጋ ብሎ ለማየት ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይሻላል።

ካሬው በኪሮሽ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባዶ ካሬ ማለት አንድ ረጅም (ክሩን መርፌው ላይ አንድ ጊዜ ጠቅልለን የምንሠራው) እና ሁለት ሰንሰለት (ክሩን በቀለበቱ ውስጥ በመርፌ እየሳብን የምናወጣው) ነው። ሙሉ ካሬ ላይ በሁለቱ ሰንሰለት ፋንታ ሁለት ረጅም ይገባል። የመነሻውን ሰንሰለት ለማግኘት የካሬዎቹን ቁጥር በ3 አባዝቶ፣ የመጀመሪያው ካሬ ባዶ ከሆነ 5፣ ሙሉ ከሆነ 3 መደመር ነው። ባዶ ከሆነ የመጀመሪያው ረጅም ከመርፌው 8ኛው ሰንሰለት ላይ፣ ሙሉ ከሆነ 4ኛው ላይ ይሠራል። ይህ ሒሳብ ሳይሠራ የተጀመረ ዳንቴል የመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወይ ሰንሰለት ይተርፈዋል ወይ ያጥረዋል፤ ያኔ መፍታት ብቻ ነው።

ለምሳሌ በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች እንውሰድ። 25 በ25 ካሬ ይበቃል፤ መነሻው 80 ሰንሰለት ነው። 1ኛውና 2ኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ባዶ ካሬ ናቸው። 3ኛው፦ 8 ባዶ፣ 9 ሙሉ፣ 8 ባዶ። 4ኛው፦ 8 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 7 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 8 ባዶ። 5ኛው፦ 8 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 1 ባዶ፣ 5 ሙሉ፣ 1 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 8 ባዶ። 6ኛው፦ 8 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 1 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 3 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 1 ባዶ፣ 1 ሙሉ፣ 8 ባዶ። 7ኛውና 8ኛው ላይ የመሃሉ 9 ካሬ አንዱ ሙሉ አንዱ ባዶ እየሆነ በሙሉ ጀምሮ በሙሉ ያልቃል፤ ግራና ቀኙ እንደ በፊቱ 8 ባዶ ነው። 9ኛው ላይ ክንፉ ይወጣል፦ 2 ባዶ፣ 7 ሙሉ፣ ከዚያ በባዶ ጀምሮ በባዶ የሚያልቅ አንድ ባዶ አንድ ሙሉ 7 ካሬ፣ እንደገና 7 ሙሉ፣ 2 ባዶ። እስከ 13ኛው ያለውን ደብተር ላይ ሥሎ መጨረስ አያስቸግርም። መሃሉ 13ኛው ስለሆነ 14ኛው እንደ 12ኛው፣ 15ኛው እንደ 11ኛው እየሆነ ወደ ኋላ ይደገማል። በቀጭን የዳንቴል ክርና በ1.5 ሚሊ ሜትር መርፌ አንዱ ካሬ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን፣ ለጀበና ማስቀመጫ የሚበቃ ሥራ ይወጣል። መስቀሉ ቁመቱ ከወርዱ ከበለጠ ረጅሙ ሲሠራ ክሩ ከልክ በላይ ወደ ላይ ተስቧል ማለት ነው።

በሁለት ቀለም፣ በአጭሩ (ክር ሳይጠቀለል በሚሠራው) ቦርሳ ወይም ትራስ ልብስ ሲሠራ ሌላ ችግር አለ። አጭሩ ከቁመቱ ወርዱ ስለሚበልጥ የደብተሩ ካሬ ተጨፍልቆ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ናሙና ሠርቶ መቁጠር ግድ ነው። ናሙናው በወርዱ 20 አጭር፣ በቁመቱ 24 ረድፍ ከያዘ፣ 20 በ20 የተሣለ ቅርጽ ወርዱ 10፣ ቁመቱ ግን 8.3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። እኩል እንዲሆን ቅርጹን 24 ረድፍ አድርጎ መሣል ያስፈልጋል። ሥራው ሳይገለበጥ ዙሪያውን የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቀጥ ያለው መስመር ትንሽ ትንሽ እያለ ይዘማል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቀጥ ካለ ሰንበር ይልቅ የአልማዝ ወይም የዚግዛግ ቅርጽ ይመረጣል፤ መዝመሙ አይታወቅበትም።

መሶብ ከመሃል ተነስቶ እየዞረ የሚሰፋ በመሆኑ የክብ ዳንቴል ታላቅ እህት ነው። ክቡ ዝርግ እንዲሆን በአጭሩ ሲሠራ በየዙሩ 6፣ በረጅሙ ሲሠራ 12 ይጨመራል፤ በአጭሩ ከሆነ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። ጭማሪው ካነሰ እንደ መሶብ ክዳን ይጎደጉዳል፣ ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል። ጭማሪው በየዙሩ አንዱ በአንዱ ላይ ከዋለ ደግሞ ክብ መሆኑ ይቀርና ስድስት ማዕዘን ያወጣል፤ ቦታውን ማፈራረቅ ነው መፍትሔው። የመሶቡን ጌጥ ከመቅዳት በፊት ዙሪያውን ስንት ጊዜ እንደተደገመ መቁጠር ያስፈልጋል። 6 ወይም 12 ከሆነ በቀጥታ ይገባል። 7 ወይም 9 ከሆነ ወደ 6 ወይም ወደ 12 አምጥቶ እንደገና መሣል እንጂ በግድ ማስገባት ሥራውን ያበላሸዋል።

ስለ ክር። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ለኪሮሽ የሚያምር ገጽ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሳይደረብ አንዱ ክር ብቻውን ከተሠራበት መርፌው ይሰነጥቀዋል። ሁለት ወይም ሦስት አድርጎ፣ ሲፈተል ከዞረበት በተቃራኒ አቅጣጫ መግመድ ይገባል፤ በዚያው አቅጣጫ ከተገመደ ይቆላለፋል። ቀይና ጥቁር ክር ከነጭ ጋር ከመሠራቱ በፊት ቁራጩን ከነጭ ጨርቅ ጋር ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ ነው፤ የሚለቅ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። ክሩም በአንድ ጊዜ ይገዛ፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ቀይ ሲታይ ያው ቢመስልም ከተሠራ በኋላ መስመር ያወጣል። መጠኑን ናሙናው ይነግራል፦ 10 በ10 ናሙና ተፈትቶ 12 ሜትር ከወጣው፣ 40 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቡፌ ልብስ የናሙናውን 80 እጥፍ፣ ማለትም 960 ሜትር ይፈልጋል፤ አሥር በመቶ ለጫፍና ለስህተት ይጨመር።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከየበዓሉ በፊት በሚወጣው እትም ላይ ከጥለት፣ ከመሶብ ወይም ከመስቀል የተወሰደ አንድ የካሬ ንድፍ አትሙልን። 25 ካሬ በ4 ሚሊ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ብዙ ቦታ አይወስድም። በየ10 ካሬው ወፍራም መስመር ቢሰመር ቆጣሪዋ አትስትም። ሙሉው ካሬ ጥቁር ይሁን፤ ግራጫ ከሆነ ጋዜጣ ላይ ስለሚደበዝዝ ከባዶው አይለይም። የመጀመሪያው ከላይ የጻፍኩት የቤተ ጊዮርጊስ ንድፍ ቢሆንና ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ቢወጣ ለመስቀል በዓል ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከየካ አባዶ